ለእናትሽ ፕሮባዮቲክ ከመግዛትሽ በፊት

እህቴ፣ እናትሽ ከ70 ዓመት በላይ እንደሆኑ፣ ክብደታቸው እየቀነሰ እንደሄደ፣ ጾም ሳያጓድሉ ሽሮና ምስር ላይ ብቻ እንዳሉ ጽፈሻል። «ፕሮባዮቲክ ቢወስዱ ሰውነታቸው ከምግቡ የበለጠ ፕሮቲን ያገኛል» ያለሽ ሰው እውነቱን ነው ወይ? ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ አክስቴን በእርጅናቸው ዘመን ያስታመምኩ ነኝ፤ ይኸው ጥያቄ እኔንም ሲያስጨንቀኝ ከርሟል።

ፕሮባዮቲክ ማለት ለጤና ይጠቅማል ተብሎ የሚወሰድ ሕያው ባክቴሪያ ነው። የተባልሽው ነገር እውነትነት አለው፤ ግን ትንሽ እውነት ነው። ለካፕሱል የምታወጪው ገንዘብ መጀመሪያ ለእናትሽ ገበታ ቢውል እመርጣለሁ።

የምንበላው ፕሮቲን ጨጓራ ውስጥ በአሲድና በኢንዛይም መሰባበር ይጀምራል። ቀጥሎ ከቆሽት የሚመጡ ኢንዛይሞች ያደቁትና ቀጭኑ አንጀት ላይ አሚኖ አሲድ፣ ማለትም ፕሮቲን የተሠራበት ጥቃቅን ክፍል ሆኖ ወደ ደም ይገባል። የአንጀታችን ባክቴሪያ በብዛት የሚኖረው ግን ከዚያ በታች፣ ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። ፕሮቲን አብዛኛው ተመጦ ካለቀ በኋላ ማለት ነው። ፕሮባዮቲክ ሊረዳ የሚችለው ከምግቡ ጋር በቀጭኑ አንጀት ሲያልፍ ነው፤ አንዳንዶቹ ዝርያዎች ፕሮቲን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ስላሏቸው የሰውነትን ሥራ ያግዛሉ ተብሎ ይታሰባል።

የእንቁላልና የወተት ፕሮቲን ያለ ማንም እርዳታ ከመቶ ከ90 እጅ በላይ ስለሚፈጭ ብዙ የሚጨመርለት የለም። የጥራጥሬ ፕሮቲን ግን ከዚያ ዝቅ ይላል፤ ባቄላና ሽምብራ ውስጥ የቆሽትን ኢንዛይም የሚያግዱ ንጥረ ነገሮች አሉ። ስለዚህ ጥያቄሽ እንደ እናትሽ ላለ ጿሚ ሰው ይበልጥ ትርጉም አለው። በ2020 የታተመ አንድ ጥናት 15 ስፖርት የሚሠሩ ወንዶችን ለሁለት ሳምንት ላክቶባሲለስ ፓራካሴይ የተባለ ባክቴሪያ ሁለት ዝርያዎች ከ20 ግራም የአተር ፕሮቲን ጋር ሰጥቷቸው ነበር። ባክቴሪያውን ሲወስዱ ደማቸው ውስጥ የተገኘው አሚኖ አሲድ ከፍ ብሏል፤ በጥራጥሬ ውስጥ አነስተኛ የሆነው ሜቲዮኒን የተባለው አሚኖ አሲድም አብሮ ጨምሯል። ደስ የሚል ውጤት ነው። ይሁን እንጂ የተጠኑት ጤነኛ ወንዶች ናቸው፤ የወሰዱትም የተጣራ የአተር ዱቄት እንጂ ሽሮ ወጥ አይደለም፤ ደም ውስጥ የጨመረ አሚኖ አሲድም ያው ጡንቻ ሆኗል ማለት አይደለም። ከዚያም በላይ የአንዱ ዝርያ ውጤት ለሌላው አይሠራም። «ፕሮባዮቲክ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ሁሉ ይህንን ያደርጋል ብሎ የሚሸጥልሽን አትመኚው።

በእኛ ከተማ ደግሞ ሙቀቱ አለ። አክስቴ ካፕሱል ታዞላቸው ልገዛ ስሄድ፣ ማሸጊያው ላይ በማቀዝቀዣ ይቀመጥ የሚል ተጽፎበት ዕቃው ግን ፀሐይ በሚመታው መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ አየሁት። አልገዛሁም። ሕያው ባክቴሪያ በግንቦት የድሬ ሙቀት ውስጥ ሲሰነብት ይሞታል። ባሲለስ ኮአጉላንስ የሚባለው ዓይነት ጠንካራ ሽፋን ስለሚሠራ ሙቀትን ይችላል፤ ሌሎቹን ግን የዝርያውን ስም፣ የሚያበቃበትን ቀንና የአቀማመጡን ትእዛዝ ሳታነቢ አትግዢ።

አሁን ወደ ድስቱ እንምጣ፤ እኔ ለውጥ ያየሁት እዚያ ነው። ባቄላውን፣ ሽምብራውንና ቦሎቄውን ሌሊቱን ዘፍዝፊ፣ ውሃውን ድፊ፣ በደንብ እስኪፈርስ ቀቅዪ፤ እነዚያን የቆሽት ኢንዛይም አጋጆች የሚያጠፋቸው ከሁሉ በላይ መቀቀል ነው። በቆልትም ጥሩ ነው፣ ጥርስ ከቻለ። እንጀራ ሊጡ ሲቦካ ባክቴሪያው ብዙ ሥራ ይሠራል፤ ምጣድ ላይ ሲወጣ ግን ይሞታልና እንጀራን እንደ ፕሮባዮቲክ አትቁጠሪው። ለጾም ቀን ስልጆ አለልሽ፦ የባቄላ ዱቄትና የሱፍ ውሃ በስሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ሰናፍጭ ገብቶበት ስለሚቦካ፣ ባክቴሪያው በሕይወት እንዳለ ገበታ ላይ ይቀርባል። ፕሮቲኑም እዚያው ውስጥ ነው። ሰው የረሳው ምግብ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ለፍስክ ቀን እርጎ። ወተቱን አፍልቼ፣ ጣት የሚችለው ያህል ሲበርድ፣ በወይራ በታጠነ ዕቃ ገልብጬ ከትናንቱ እርጎ ሁለት ማንኪያ እጨምርበታለሁ። በድሬ ሙቀት ማታ ያስቀመጥሽው ጠዋት ረግቶ፣ ላዩ ላይ ቀጭን ቢጫማ ውሃ አቅርሮ ታገኚዋለሽ። ውሃውን አትድፊው፤ እሱም ፕሮቲን አለው። የግመል ወተት እንደ ላም ወተት ጠጥሮ አይረጋም፤ ለእርጎ የላሙን ያዢ። የትኛውም ወተት ቢሆን ሳይፈላ ለእናትሽ አይሰጥ፤ ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከከብት የሚመጣ በሽታ በጥሬ ወተት ይተላለፋል።

ዋናው ግን መጠኑ ነው። ለአረጋውያን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ 50 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት ከ50 እስከ 60 ግራም ማለት ነው። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል ይዟል። አክስቴ ወጡን እያጠቀሱ እንጀራውን ይበሉ ነበር፤ ሳህኑ ሲነሳ ምስሩ ከሞላ ጎደል እንዳለ ነው። በኋላ ምስሩን አወፍሬ ለብቻው በትንሽ ሳህን ከማንኪያ ጋር አቀረብኩላቸው፤ በሉት። ጥርሳቸው የሚነቃነቅ መሆኑንም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። የእናትሽን ጥርስ እዪ።

ደግሞ ሐኪም ቤት ውሰጃቸው፤ ይህን ከሁሉ በፊት አድርጊው። ሳይታሰብ የሚቀንስ ክብደት የስኳር፣ የእንቅርት፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የሌላ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ያንን ደግሞ ፕሮባዮቲክም ምስርም አይፈውሰውም። ኩላሊታቸውን የሚያማቸው ከሆነ የፕሮቲኑን መጠን ሐኪሙ ይወስን። የመከላከል አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ካፕሱሉን ሳትጠይቂ አትስጪያቸው። አንቲባዮቲክ ታዞላቸው ከሆነ ደግሞ ፕሮባዮቲኩን ቢያንስ በሁለት ሰዓት አራርቀሽ ስጪያቸው።