ቀጭ ቀጭ የሚል ሃርድ ዲስክና ሾርትከት የሆነ ፍላሽ፦ የጎንደር አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ (ከፒያሳ፣ ፎቶ ቤት) የጥምቀትና የሁለት ሠርግ ቪዲዮ ያለበት 1 ቴራባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሲሰካ «ቀጭ፣ ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል። ኮምፒውተሩ «ፎርማት ይደረግ?» ይላል። ፍሪዘር ውስጥ አሳድረው የሚሉኝም አሉ።

መልስ፦ ፎርማቱን እሺ አይበሉ። ፍሪዘርም አይግባ፤ ከቅዝቃዜ ሲወጣ ውስጡ ጤዛ ሊቋጥርና የባሰ ሊበላሽ ይችላል። መጀመሪያ ችግሩ የኃይል ማነስ እንዳይሆን ይለዩ። ትንሹ ኤክስተርናል የሚሠራው ከዩኤስቢው በሚያገኘው 5 ቮልት ነው፤ በዴስክቶፕ የፊት ቀዳዳ ወይም በረጅም ገመድ ኃይል ሲያንሰው ተመሳሳይ ድምፅ ያሰማል። በአጭር ገመድ፣ ከኋላ ባለው ቀዳዳ አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክሩት። ከተከፈተ ቪዲዮውን ለማየት አይቀመጡ፤ ደንበኛ የሚጠብቀውን አስቀድመው ወደ ሌላ ዲስክ ይቅዱ።

አሁንም ቀጭ ካለ ይንቀሉት። ድምፁ የሚመጣው ሄዱ (በዲስኩ ውስጥ ያለው የማንበቢያ ጫፍ) ማንበብ አቅቶት እየተመለሰ ደጋግሞ ሲሞክር ነው። ሄዱ ፋይሎቹ በተጻፉበት በሚሽከረከረው ሳህን ላይ የሚንሳፈፈው ከፀጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ ባነሰ ክፍተት ስለሆነ፣ የተጎዳ ሄድ ሳህኑን ይፍቀዋል። የተፋቀውን ደግሞ የትኛውም ባለሙያ አይመልሰውም። ብሎኑን ልፍታልዎ የሚል ካለ አቧራ የማይገባበት የተጣራ ክፍል እንዳለው ይጠይቁ፤ ከሌለው አያስከፍቱ። በበጋ የጠዋት ውልውል ጠረጴዛ ማታ ጣት ሲያሳልፉበት መስመር ያወጣል፤ ያ አቧራ ለሳህኑ ድንጋይ ነው።

አንድ ተስፋ አለ፦ የካሜራው ሚሞሪ ካርድ። ፎርማት ቢደረግም አዲስ ነገር ካልተቀረጸበት ቪዲዮው ብዙ ጊዜ እዚያው አለ። ዛሬውኑ ከካሜራው ያውጡት፣ በጎኑ ያለውን መቆለፊያ ወደ ታች ያድርጉ፣ በሪከቨሪ (የጠፋ ፋይል በሚመልስ) ሶፍትዌር ያንብቡትና ውጤቱን በሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ። ለወደፊቱም ሁለት ቦታ ሳይቀዳ ካርዱ ላይ ያለው አይሰረዝ።

ጥያቄ፦ (ከማራኪ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ) ላፕቶፔ ፎልደር ለመክፈት ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ይደርቃል። ጓደኞቼ «ቼክ ዲስክ አስነሺው» አሉኝ። መመረቂያ ጽሑፌ እዚያ ውስጥ ነው።

መልስ፦ ቼክ ዲስክ (የዊንዶውስ የዲስክ መፈተሻ) ይቆይ። በሚሞት ዲስክ ላይ እያንዳንዱን ሴክተር (ዲስኩ የተከፋፈለበትን ትንሽ ክፍል) እየፈተሸ ለሰዓታት ያለፋዋል፤ አንዳንዴ ዲስኩ እዚያው ላይ ይቀራል። መጀመሪያ ጽሑፍሽን በፍላሽ ቅጂ፣ ለራስሽም በኢሜይል ላኪው። የቴሲስ ፋይል ጥቂት ሜጋባይት ስለሆነ በደካማ ኔትወርክም ይሄዳል።

ከዚያ ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን፣ የዲስክ ጤና የሚያሳይ ነፃ ሶፍትዌር ክፈቺ። ሰማያዊ ደኅና ነው፣ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ቀይ ከሆነ ዲስኩ አልቋል። ከቀለሙ ይልቅ ግን ሦስት መስመሮችን ተመልከቺ፦ በ05 ያለው ተበላሽተው በሌላ የተተኩ ሴክተሮች፣ በሲ5 (C5) ያለው ሊነበቡ አቅቷቸው ተራ የሚጠብቁ፣ በሲ6 (C6) ያለው ጨርሶ ያልተነበቡ ናቸው። በሦስቱም የመጨረሻው ዓምድ ዜሮ መሆን አለበት። ቁጥሩ ከዜሮ አልፎ ከሳምንት ሳምንት ከጨመረ ዲስኩን መቀየር ነው። ሲ7 (C7) ብቻ ከጨመረ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የዳታ ገመዱ ነው፤ በዴስክቶፕ ላይ ገመድ በመቀየር ይፈታል።

ሰማያዊ ስለሆነ ግን አትተማመኚ፤ ምንም ሳያስጠነቅቅ የሚሞት ዲስክ አለ። በተለይ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሳህን የሌለው የዲስክ ዓይነት) ድምፅ ስለሌለው ማታ ሠርቶ ጠዋት ላይታይ ይችላል።

ጥያቄ፦ (ከአዘዞ፣ የጽሕፈት አገልግሎት) መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ኮምፒውተሩ ይጠፋል። ስታቢላይዘር ልግዛ?

መልስ፦ ስታቢላይዘር የቮልቴጅ መውጣት መውረድን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አይዝም። ዲስኩን የሚጎዳው እየጻፈ ሳለ መቋረጡ ስለሆነ የሚያስፈልግዎ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪው የሚያቆይ መሣሪያ) ነው። አቅሙ 650 ቪኤ (VA) የሆነው ለአንድ ኮምፒውተርና ስክሪን ለጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ እሱም ሥራ ለመቀጠል ሳይሆን ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት ነው። ሌዘር ፕሪንተሩን በዩፒኤሱ አይሰኩት፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ከአቅሙ በላይ ነው። ዩፒኤስ ከሌለዎት መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ሲመለስም እስኪረጋጋ ጥቂት ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ፍላሼ ላይ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ ሾርትከት ሆኑ። ጠፍተዋል?

መልስ፦ አልጠፉም፣ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። ሾርትከቱን አይጫኑ። ቫይረስ በሌለበት ኮምፒውተር የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ያብሩ፤ ብዙ ጊዜ ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ ያገኟቸዋል። ሰነዶቹን ብቻ ይቅዱ፣ በአንቲቫይረስ ያስፈትሹ፣ ከዚያ ፍላሹን ፎርማት ያድርጉ።

ጥያቄ፦ (የሰንበት ትምህርት ቤት ጸሐፊ) የአባላት መዝገባችንን በሲ እና በዲ ላይ አስቀምጠናል። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ሲ እና ዲ በአብዛኛው የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍል ናቸው፤ ዲስኩ ሲሞት አብረው ይሄዳሉ። ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፦ አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አንዱ ኤክስተርናል ላይ፣ ሦስተኛው ከቢሮው ውጭ፣ በሌላ አባል ቤት ወይም 15 ጊጋባይት በነፃ በሚሰጠው የጉግል አካውንት። ኤክስተርናሉ ተቀድቶ ሲያልቅ ይነቀል፤ ተሰክቶ ከዋለ ቫይረሱም የመብራቱም ችግር ያገኘዋል። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ከቅጂው ሁለት ሦስት ፋይል በሌላ ኮምፒውተር ከፍታችሁ እዩ፤ ስሙ እየታየ የማይከፈት ፋይል ብዙ ነው።