ኤሲው 20 ላይ ሆኖ እግር ለምን ይቀዘቅዛል?

ጥያቄ፦ ቶኪዮ ውስጥ አሮጌ የእንጨት ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው። ክረምቱን ኤሲውን ለማሞቂያ 20 ዲግሪ ላይ አድርጌ፣ ካናቴራ፣ ስስ ሹራብና ስስ ሱሪ ለብሼ ቁጭ ብዬ ስሠራ እግሬ በረዶ ይሆናል። ዲግሪውን ሳልጨምር ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ የለበሱትን እንደምረው። ልብስ ሙቀት የመያዝ አቅሙ የሚለካው በክሎ ነው፤ ሙሉ ሱፍ ከነሸሚዙ 1 ክሎ ገደማ ይሆናል። ካናቴራ 0.08፣ ስስ ሹራብ 0.25፣ ስስ ሱሪ 0.15፣ ፓንትና አጭር ካልሲ አንድ ላይ 0.06። ድምሩ 0.54፤ ይህ ለ24 ወይም ለ25 ዲግሪ የሚሆን አለባበስ ነው። ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው 0.1 ክሎ ሲጨመር የሚስማማው ሙቀት በ0.6 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ስለሚል፣ ለ20 ዲግሪ የጎደለዎት ከ0.7 እስከ 0.8 ክሎ ያህል ነው።

ሁለተኛ ሹራብ ለመደረብ አይቸኩሉ፤ ችግሩ ከወገብ በታች ነው። ከሱሪው ስር ታይት (0.15) ይልበሱ፤ ሱሪው ወፍራም (0.24)፣ ካልሲው እስከ ጉልበት የሚደርስ ወፍራም (0.06) ይሁን፤ የቤት ጫማም (0.03) ይጨምሩ። ከላይ ካናቴራውን ሳያወልቁ ረጅም እጅጌ ያለው የውስጥ ልብስ (0.20) እና በስሱ ሹራብ ፋንታ ወፍራም ሹራብ (0.36)። ከፓንቱ (0.04) ጋር አሁን 1.16 ደረሱ፤ ከሚፈለገው የሚያንሰው በትንሹ ነው።

ሙቀቱን የሚይዘው በጨርቆቹ መሃል የታሰረው አየር ስለሆነ፣ ታይት ላይ ጠባብ ጂንስ ከለበሱ ይህ ሁሉ ስሌት ከንቱ ነው። የላይኛውን ልብስ አንድ ቁጥር ከፍ አድርገው ይግዙ። ወጥ ለመሥራት ሲነሱ ደግሞ ሹራቡን ያውልቁ፤ በላብ የራሰ ጥጥ ተመልሰው ሲቀመጡ ያንዘፈዝፋል።

ወደ ቤቱ ስንመጣ፣ ሪሞቱ ላይ የሚያዩት 20 እግርዎ ዘንድ ያለው ሙቀት አይደለም። ቴርሞሜትር ከወለሉ 10 ሳንቲሜትር፣ ከዚያም 110 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ ያስቀምጡና ያንብቡ። ልዩነቱ ከ3 ዲግሪ ከበለጠ የኤሲውን አየር መምሪያ ወደ ታች ያዙሩ፣ ፋኑን አውቶ ላይ ያድርጉ፣ ማጣሪያውን በየ2 ሳምንቱ ያጽዱ። አሉሚኒየም ፍሬም ላይ ባለ ነጠላ መስታወት የቀዘቀዘ አየር ወደ ወለል ይወርዳልና መጋረጃው መሬት ይንካ። መስታወቱ ላይ አረፋ ያለው ፕላስቲክ መለጠፍም ይረዳል፤ ውስጡ ሽቦ ያለበት መስታወት ላይ ግን አይለጥፉ፣ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ኮታትሱ፣ ማለትም ማሞቂያ የተገጠመለት ዝቅተኛ ጠረጴዛ ከነብርድ ልብሱ፣ ለእግር ከሁሉም ይሻላል። ጀርባ ግን ባዶውን ይቀራል፤ ጃፓኖች ሐንተን የተባለውን ጥጥ የተሞላ ካፖርት የሚደርቡትም ለዚህ ነው። ኮታትሱ ውስጥ እንቅልፍ እንዳይወስድዎት፤ ዝቅተኛ ሙቀትም ቢሆን ለሰዓታት ከቆየ ያቃጥላል።

ልብስ የማያድነው ቦታ መታጠቢያ ቤቱ ነው። እዚያ ክሎው ዜሮ ነው፣ ክፍሉም ብዙውን ጊዜ ማሞቂያ የለውም፤ ከብርዱ በቀጥታ ሙቅ ውሃ ውስጥ መግባት የደም ግፊትን ያናጋል። ልብስ የሚያወልቁበትን ክፍል አስቀድመው ያሙቁ፤ ውሃው ከ41 ዲግሪ አይለፍ፣ ውስጡም ከ10 ደቂቃ በላይ አይቆዩ።