ወተትሽስ ይበቃል፣ ያጠረሽ እጅ ነው

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ እትዬ። የምጽፍልዎ ከረቡዕ ገበያ ነው፣ ከጮቄ ግርጌ። መንታ ከወለድኩ ዛሬ 12ኛ ቀኔ ነው፣ ወንድና ሴት። ዘጠነኛው ወር እንደገባ ምጡ ድንገት መጣብኝና ደብረ ማርቆስ ወርጄ ተገላገልኩ። ሴቷ 2.4 ኪሎ፣ ወንዱ 2 ኪሎ ነበሩ። አምስት ቀን አስተኝተውን ወደ ቤት ላኩን። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ተቀበለን፤ እልልታው ለወንዱ ሰባት ለሴቷ ሦስት ሲባል ተደባልቆ ቆጣሪው ሁሉ ግራ ገባው። ደስታዬ እስከዚያ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አንዷ ስትተኛ አንዱ ይነሳል። አማቴ «ይቺ ጡት ለሁለት መቼ ትደርሳለች» እያለች ለወንዱ የላም ወተት በውሃ አቅጥነን እንስጠው ትላለች። ቅቤም ላስውጠው ብላ ስንት ተለማምጬ ነው ያስተውኳት። ደምበጫ ያለችው የባለቤቴ እህት ደግሞ ሴቷን «እስክትጠነክሪ እኔ ልውሰዳት» ብላለች። ባለቤቴ ዝም ነው። እኔ ማታ ማታ ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ። እውነት ወተቴ አይበቃቸውም? ልጄን ልስጣት? ክርስትናቸውስ የወንድ በ40፣ የሴት በ80 ሲሆን እንዴት ይሆናል?
የመንታ እናት

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ። መጀመሪያ ይሄን ልንገርሽ፣ ልጅሽን ለማንም አትስጪ። አክስቷ ክፉ አስባ እንዳልሆነ ይገባኛል። ግን ያንቺ ጡት ደምበጫ ድረስ አይደርስም።

ጡት እንደ ጎተራ አይደለም፣ ሲዛቅ የሚያልቅ። እንደ ምንጭ ነው፣ በቀዱት ቁጥር ይፈልቃል። ሁለት ልጅ ሲጠባው ለሁለት ይሠራል፣ አንዷን ከወሰዱበት ለአንድ ብቻ መሥራት ይጀምራል። የላም ወተት ከሰጠሽውም ያው ነው፤ ሆዱ ይሞላና ጡቱን ይተዋል፣ ጡቱም «አልተፈለግኩም» ብሎ ይቀንሳል። ከዚያ አማትሽ «አላልኩም?» ይሉሻል። ለዚህ ዕድሜ አንጀት የላም ወተት ከባድ ነው፣ ውሃም ቢሆን እስከ 6 ወር አያስፈልጋቸውም። ቅቤው ደግሞ ትን ብሎት ሳንባው ከገባ ሌላ ጣጣ ነው። ስላስቆምሽ ጎበዝ።

የጎደለሽ እጅ ነው። ይሄን የምልሽ ከመጽሐፍ አይደለም። እኔም ቡሬ እያለሁ መንታ ወልጃለሁ፣ ሁለት ሴቶች፣ ቁርጥ አንድ ዓይነት። ያንቺ ወንድና ሴት መሆናቸው ምን ዓይነት ዕድል መሰለሽ! አንድ ሌሊት በኩራዝ ብርሃን አንዷን ሁለት ጊዜ አጥብቼ ሌላዋን ረስቻት፣ ያቺ ስትጮህ «ይቺ ደግሞ አሁን ጠብታ ምን ሆና ነው» እያልኩ እቆጣታለሁ። ነጋና አማቴ ሰሙ። ምንም አላሉም። የአንዷን ቁርጭምጭሚት በጥቁር ክር አሰሩ፣ ከዚያ ሁለት የቡና ስኒና አንድ እፍኝ ባቄላ አመጡ። አንዷ በጠባች ቁጥር በሷ ስኒ አንድ ባቄላ ይጨመራል። ማንበብ የማይችሉ ሴት ናቸው፣ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ መቁጠር ተውኩ። ጠዋት ጠዋት ስኒዎቹን ጭናቸው ላይ ገልብጠው ይቆጥራሉ፣ ከጎደለ ይጮሁብኛል።

አንቺም ለአማትሽ ይሄን ሥራ ስጪያቸው። «እማማ፣ እኔ እየረሳሁ ነውና ይቆጥሩልኝ» በያቸው። በ24 ሰዓት ውስጥ በየስኒው ቢያንስ 8 ባቄላ መግባት አለበት፣ እስከ 12 ቢደርስም አይግረምሽ። የሽንት ጨርቁንም ይቁጠሩ፣ በዚህ ዕድሜ ለእያንዳንዳቸው በቀን 6 እና ከዚያ በላይ እርጥብ ጨርቅ ካለ ወተቱ እየደረሳቸው ነው ማለት ነው። ክርክር የለም፣ ባቄላውና ጨርቁ ይናገራል። ኪሏቸውን ጤና ጣቢያ አስመዝኚ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ መቀነስ ያለ ነው፣ እስከ 2 ሳምንት ግን ወደ ተወለዱበት ክብደት መመለስ አለባቸው።

ወንዱን እስኪያለቅስ አትጠብቂው። ትንሽ ልጅ እየራበው ይተኛል፣ ዝምታው ጥጋብ እንዳይመስልሽ። በየ2 እና 3 ሰዓቱ እግሩን ኮርኩረሽ አንሺው። የመሳብ አቅም ካጣ በንጹሕ ስኒ አልበሽ ቀስ እያልሽ ከከንፈሩ አስጠጊለት። ጡጦ ይቅር፣ ማጠቡ ራሱ ሌላ ሥራ ነው። አንዷ ስትነሳ ሌላውንም ቀስቅሺና አብረሽ አጥቢ፤ ጨካኝ ይመስላል፣ እንቅልፍ የምታገኚው ግን እንዲያ ብቻ ነው። ግድግዳ ተደግፈሽ ተቀመጪ፣ በሁለቱም ጎንሽ ትራስ አድርጊ፣ አንዱን በቀኝ አንዷን በግራ ብብትሽ ሥር ያዣቸው፣ እግራቸው ወደ ኋላሽ ይዙር። ጡቱን በየቀኑ አቀያይሪላቸው። ወንዱ ደካማ ስለሆነ አንደኛው ጡት ይሰንፋልና።

አሁን ስለ ብርዱ። ረቡዕ ገበያን አውቀዋለሁ፣ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ለዚህ ልጅ ያንቺን ደረት የሚያህል ቡልኮ አይገኝም። ኮፍያና ካልሲ አድርጊለት፣ ሽንት ጨርቁም አይውለቅ፣ ሌላው ገላው ራቁቱን ሆኖ በሁለቱ ጡቶችሽ መሐል ቀጥ አድርገሽ አስተኚው፣ እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ታጥፈው፣ ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ አፍንጫው ክፍት ሆኖ። በነጠላ እሰሪው፣ ላዩ ላይ ጋቢ ጣዪ። ሐኪሞቹ ካንጋሮ ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2.5 ኪሎ በታች ለሆኑ ሕፃናት በቀን ከ8 ሰዓት ጀምሮ እስከ ሙሉ 24 ሰዓት ይመክረዋል፣ ስለዚህ 2.4 የሆነችውም ተራዋን ትውሰድ። እና ዝም ያለው ባለቤትሽ? እሱም ደረት አለው። ሸሚዙን ያውልቅና አንዷን ይቀበልሽ። አንቺ ሁለት ሰዓት ተኚ። መሞቃቸውን እግራቸውን በእጅሽ ጀርባ ነክተሽ እወቂ፤ ሆዱ ሞቆ እግሩ ከቀዘቀዘ በርዶታል ማለት ነው። ብቻ አደራ፣ በር ዘግታችሁ የከሰል ፍም መኝታ ቤት እንዳታስገቡ። እናትንም ልጅንም ተኝተው እንዲቀሩ ያደርጋል። የቡናውና የእጣኑ ጭስም ሳሎን ይቅር።

ጠያቂው ገንፎውን ይዞ ይምጣ፣ አመስግኚና ብዪ። ጉንፋን የያዘው ግን ከበር ይመለስ። እጁን ያልታጠበ አያቅፍ፣ ማንም አይሳማቸው። «ዓይን እንዳይበላቸው ነው» ብትዪ ማንም አይቀየምሽም፣ እኔ ያልኩት እንዲያ ነበር።

ለቅሶሽን በተመለከተ፣ አብዛኛዋ አራስ ከሦስተኛው ቀን ገደማ ጀምሮ ታለቅሳለች፣ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ሳምንት ይተዋል። ካልተወሽ፣ ወይም ልጆቹን ማየት ካስጠላሽ፣ ወይ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ለባለቤትሽ ንገሪና በዚያው ቀን ወደ ጤና ባለሙያ ሂዱ። ይሄ በሽታ ነው፣ ሐኪም ያለው። የደም ማነስ ኪኒንሽንም አታቋርጪ።

ልጆቹ ጡት እምቢ ካሉ፣ ካንቀጠቀጣቸው፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሱ ወይም ሲተነፍሱ ደረታቸው ወደ ውስጥ ከገባ፣ ካተኮሳቸው ወይም ሞቀው ሞቀው አልሞቅ ካሉ፣ መዳፋቸውና የውስጥ እግራቸው ቢጫ ከሆነ፣ እትብታቸው ከቀላ ወይም መግል ካወጣ፣ ይንጋ ሳትዪ ተነሺ። አንቺም ብዙ ደም ከፈሰሰሽ፣ ካተኮሰሽ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ከያዘሽ ወይም ዓይንሽ ከጨለመ እንዲሁ።

የ40 እና የ80 ቀኑን ጉዳይ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። የኔዎቹ ሁለቱም ሴቶች ስለነበሩ በ80 አንድ ላይ ተነስተው ተገላገልኩ። ክርስትናው መቼም ይሁን መቼ ግን በ45 ቀናቸው ክትባት አላቸው፣ እሱን እንዳትረሺ።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ከሞጣ በእግር ሦስት ሰዓት ርቆ ነው። ባለቤቴ 7 ወሯ ነው፣ በአልትራሳውንድ መንታ ታየ። እናቴ «ስምንታችሁንም እዚሁ ቤት ነው የወለድኳችሁ፣ እሷም እዚሁ ትውለድ» ትላለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የእናትህ ስምንት ልጆች አንድ በአንድ ነው የመጡት። መንታ ሲሆን የመጀመሪያው በሰላም ቢወጣ እንኳ ሁለተኛው በእግሩ ወይ በጎኑ ሊመጣ ይችላል። ማሕፀኑም ከልክ በላይ ስለተለጠጠ ቶሎ አልኮማተር ሊልና ብዙ ደም ሊፈስ ይችላል። ሦስት ሰዓት በቃሬዛ ለዚያ ደም ሩቅ ነው። የመንታ ምጥ ቀድሞ ስለሚመጣ ዘጠኝ ወር እስኪሞላ አትጠብቁ። አሁኑኑ ክትትል የምታደርግበት ጤና ጣቢያ ሄደህ የእናቶች ማቆያ መቼ እንደምትገባ፣ ለመውለድ የሚልኳችሁም የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ጠይቅ። በመንግሥት ጤና ተቋም መውለዱም አምቡላንሱም በነጻ ነው። የአምቡላንሱን ስልክ የጤና ኤክስቴንሽኗ ታውቀዋለች፣ ዛሬውኑ ስልክህ ላይ መዝግበው። ደም የሚለግሱ ሁለት ሦስት ዘመዶች አዘጋጅ። እናትህንም ይዘሃቸው ሂድ፣ ገንፎ የሚያገነፋ ያስፈልጋል። ቦርሳው ውስጥ ጋቢም ኮፍያም ሁለት ሁለት አድርግ፤ እኔ ቡሬ ላይ አንድ ብቻ ይዤ ሄጄ ሁለተኛዋ በአዋላጇ ነጠላ ተጠቅልላ ነው ቤት የገባችው።