ዊንዶውስና ኡቡንቱን ይዞ ወደ ትልቅ ዲስክ መግባት

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ተመካክረው የመጡ ይመስላሉ። ሁሉም ዲስክ ስለ መቀየር ናቸው።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ላይ ዊንዶውስ 11 እና ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ሲስተም አሉ። 256 ጊጋው ኤስኤስዲ ሞላብኝ፤ 1 ቴራ ገዛሁ። ሁለቱንም እንደ አዲስ ሳልጭን ማዛወር ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ዲስኩን እንዳለ ክሎን ያድርጉት፤ ማለትም ሙሉ ግልባጩን ወደ አዲሱ ያውጡ። ክሎንዚላ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው። ፍላሽ ላይ ይጫናል፤ ኮምፒውተሩም ከፍላሹ ይነሳል። ስለዚህ ሲገለብጥ ሁለቱም ሲስተሞች ተኝተዋል። አዲሱን ኤስኤስዲ በዩኤስቢ ኬዝ ይሰኩት።

ከዚያ በፊት ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ በርቶ እንደሆነ ይዩ። ብዙ ላፕቶፖች ላይ ባለቤቱ ሳያውቅ በርቶ ይገኛል። ባለ 48 አሃዙን መክፈቻ ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ከዚያ አጥፍተውት ዲስኩን ፈትቶ እስኪጨርስ ይጠብቁ። ሲያበቃ መልሰው ያበሩታል። ሁለተኛ፣ ዊንዶውስን ሺፍት ተጭነው ሻት ዳውን ያድርጉት። አለበለዚያ በደንብ ሳይዘጋ ያንቀላፋል።

ክሎንዚላ ምንጩንና መድረሻውን ሲጠይቅዎ አይቸኩሉ። የዲስኮቹ ስም ግራ ያጋባል፤ በመጠንና በሞዴል ይለዩዋቸው። እኔ አንዴ አምታትቼ ባዶውን ዲስክ የእህቴ የሠርግ ፎቶዎች ላይ ደፋሁት። እስከ ዛሬ ቡና በተፈላ ቁጥር ይነሳብኛል። እናም ፎቶና ሰነድዎን አስቀድመው ሌላ ቦታ ይገልብጡ። መብራት ቢሄድም እንዳይቋረጥ ባትሪው ሙሉ ይሁን።

ጥያቄ፦ ክሎኑ ተሳካ። ግን ሲ ድራይቭ ያው የድሮው መጠን ነው። ማስፊያው አልነካ አለ።

መልስ፦ ትርፉ ቦታ ያለው ዲስኩ መጨረሻ ላይ ነው። በመሃል ሪከቨሪ የሚባለው የዊንዶውስ መጠገኛ ክፍልና ኡቡንቱ ተቀምጠዋል። ዊንዶውስ ደግሞ ሲን የሚያሰፋው ወዲያው ከጎኑ ወዳለ ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ከኡቡንቱ ፍላሽ ተነስተው ጂፓርቲድ በሚባለው የዲስክ መከፋፈያ ፕሮግራም መጀመሪያ ኡቡንቱን፣ ቀጥሎ ሪከቨሪውን ወደ ቀኝ ይግፉ። ከዚያ ሲ ይሰፋል። ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፤ በመሃል ከተቋረጠ ዳታ ይበላል። እኔ ብሆን አልነካካውም ነበር። ትርፉን ቦታ ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ አሠራር ፎርማት አድርጌ የፊልምና የፎቶ ማስቀመጫ አደርገዋለሁ። ሁለቱም ሲስተሞች ያነቡታል።

ጥያቄ፦ አዲሱን ዲስክ ስገጥም ቀጥታ ዊንዶውስ ገባ። ኡቡንቱ የት ሄደ?

መልስ፦ የትም አልሄደም። የማስነሻ ዝርዝሩ የሚቀመጠው ማዘርቦርዱ ላይ እንጂ ዲስኩ ላይ አይደለም፤ ስለዚህ ክሎኑ ይዞት አልመጣም። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ገብተው ኡቡንቱን ከላይ ያድርጉት። ስሙ ከሌለ በኡቡንቱ ፍላሽ ተነስተው ቡት ሪፔር የሚባለውን ፕሮግራም ያስኪዱ።

ጥያቄ፦ አሮጌውን ዲስክ አብሬ ልተወው?

መልስ፦ ለጊዜው አይተዉት። ክሎን ሲደረግ የመለያ ቁጥራቸውም አንድ ይሆናል። ሁለቱ አብረው ከተሰኩ ኡቡንቱ ከየትኛው እንደተነሳ እንኳ ላያውቁ ይችላሉ። ነቅለው መሳቢያ ውስጥ ያቆዩት። ሁለት ሳምንት በሰላም ከሠሩ በኋላ ፎርማት ያድርጉት።

ጥያቄ፦ 1 ቴራ ብዬ ገዝቼ 931 ጊጋ ይላል። ተበላሁ?

መልስ፦ አልተበሉም። ፋብሪካው በ1000 ያባዛል፣ ዊንዶውስ በ1024። በርካሽ «16 ቴራ ፍላሽ» የሸጠልዎት ካለ ግን፣ አዎ፣ ተበልተዋል።