ደጅ ላይ መቆምም መሳለም ነው፦ ስለ ሂንዱ ቅዱስ ቦታዎች ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። ረጋ ብዬ ልመልስልሽ ብዬ ለዛሬ አቆየሁት። ለስልጠና ዴልሂ እንደምትሄጂ፣ ከስልጠናው በኋላ 12 ቀን የራስሽ ጊዜ እንዳለሽ ጽፈሻል። ታጅ ማሃል ፊት ፎቶ ተነስቶ መመለስ እንደማትፈልጊም። "ሰው ከልቡ የሚጸልይበትን ቦታ ማየት ነው የምፈልገው። ግን ኦርቶዶክስ ነኝ። ያስገቡኛል ወይ? ብገባስ ምን አድርጌ ልቁም?" ነው ያልሽው። ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ የኔም ነበረች።

እኔ ለዶክትሬት ቪሳካፓትናም አራት ዓመት ተቀምጫለሁ። እዛ የኛ ተማሪ ብዙ ነው፤ ከተማዋን ሁላችንም ቪዛግ ነው የምንላት። እረፍት ሲሆን ባቡር እየያዝኩ ቫራናሲ ሁለቴ፣ ሃሪድዋርና ሪሺኬሽ አንዴ፣ ፑሪ አንዴ፣ ቲሩቫናማላይ ሦስቴ ሄጃለሁ።

ከፑሪ ልጀምር። ያላስገቡኝ እዛ ነው።

ፑሪ በኦዲሻ ክልል ባህሩ ጠርዝ ላይ ያለች ከተማ ናት። ጃጋናት የሚሉት አምላካቸው ቤተ መቅደስ እዛ ነው፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። ሂንዱ ያልሆነ ሰው አይገባም። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። እ.ኤ.አ. በ1984 ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኢንድራ ጋንዲ እንኳን አልገቡም፤ ያገቡት ከፓርሲ፣ ማለትም ከዞራስተር እምነት ተከታይ ቤተሰብ ስለነበር ነው። እኔ የሄድኩት ከክፍል ጓደኛዬና ከእናቷ ጋር ነው። የዛው አገር ሰዎች ናቸው። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። እኔ የአንበሳ በር ከሚሉት ፊት ለፊት፣ መንገዱ ላይ ቀረሁ።

መጀመሪያ ከፋኝ። ሌሊቱን ሙሉ ባቡር ላይ አድሬ የመጣሁት ለዚህ ነው ወይ አልኩ። ከዛ ነጠላዬን አስተካክዬ ስቆም አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ይሄን ቦታ እኮ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ እናቴ "ዛሬ አልገባም" ስትለኝ፣ ከቅጥሩ ውጭ ዛፍ ስር ቆመን ቅዳሴውን ሰምተን የምንመለስበት ቦታ ነው። ካደግኩም በኋላ ስንት ቀን ደጀ ሰላሙ ላይ ጸልዬ ሄጃለሁ። እኛ ከውጭ መቆም ውርደት ሆኖብን አያውቅም። በሩን እንሳለማለን፣ አጥሩን እንሳለማለን፣ ልባችን ሞልቶ እንሄዳለን።

ደግሞ እዛው ቆሜ ሌላ ነገር አየሁ። ከመንገዱ ላይ በበሩ በኩል ወደ ውስጥ ስትመለከቺ አንድ የጃጋናት ምስል ይታያል። ፓቲታ ፓባን ይሉታል፤ "የወደቁትን የሚያነጻ" እንደማለት ነው። እዛ ጋ የተቀመጠው መግባት ላልተፈቀደላቸው ነው። አላፊ አግዳሚው ቆም ይላል፣ መዳፎቹን ደረቱ ላይ ያጋጥማል፣ አንዴ አይቶ ያልፋል። ይሄን ማየት "ዳርሻን" ነው የሚሉት። የሚሄዱት ለዳርሻን ነው፤ እኛ "ልሳለም" ብለን እንደምንሄደው።

በዓመት አንዴ፣ ሰኔ ወይም ሐምሌ ላይ፣ ነገሩ ይገለበጣል። ጃጋናት፣ ወንድሙ ባላባድራና እህቱ ሱባድራ ከቤተ መቅደሱ ይወጣሉ። ሦስት ትልልቅ የእንጨት ሠረገላ በየዓመቱ አዲስ ይሠራል። የጃጋናት ሠረገላ 16 ጎማ አለው። ሕዝቡ በወፍራም ገመድ ይጎትተዋል። የፑሪ ንጉሥ የሚባሉት ሰው እጀታው ወርቅ በሆነ መጥረጊያ የሠረገላውን ወለል ይጠርጋሉ። ያን ቀን ማንም "አትይ" አይባልም። ከተራን ያየ ሰው ይሄን ለመረዳት አይቸገርም። አንድ ነው አላልኩም፤ ታቦት ታቦት ነው። ግን ከመቅደስ የማይወጣው ወጥቶ ሕዝብ መሀል ሲሄድ ሰው ፊት ላይ የሚታየውን ነገር አውቀዋለሁ።

የጓደኛዬ እናት ሲወጡ በሸክላ ድስት ምግብ ይዘውልኝ መጡ። ማሃፕራሳድ ነው፤ ለጃጋናት ቀርቦ የወጣ ሩዝና ምስር። እዚህ ጋ ተጨነቅኩ። ለጣዖት የተሠዋ አልበላም፤ ግን ሴትየዋ ለኔ ብለው ነው የያዙት። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ "እምነቴ አይፈቅድልኝም፣ ይቅርታ" አልኳቸው። ይቀየሙኛል ብዬ ነበር። "አንቺ ምን ምን ነው የማትበዪው? መቼ መቼ ነው የምትጾሚው?" ብለው አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ከዛ ሄደው ሙዝ ገዝተው መጡ። ህንድ ውስጥ እያንዳንዱ ቤት የራሱ የምግብ ሕግ አለው። አንዱ ሥጋ አይበላም፣ አንዱ ሽንኩርት አይበላም፣ አንዱ ማክሰኞ ይጾማል። "አልበላም" ማለት ስድብ አይደለም። በትህትና እስካልሽው ድረስ ማንም አያስገድድሽም። ግንባርሽ ላይ ቀለም ሊቀቡሽ፣ ክር እጅሽ ላይ ሊያስሩልሽ ሲመጡም እንደዛው ነው። ከመሄድሽ በፊት ግን የንስሐ አባትሽን አማክሪ። እኔ አማክሬያለሁ።

ከጾም ጋር በተያያዘ አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። "ቬጅ" ማለት የጾም ማለት አይደለም። ሥጋ የለውም እንጂ ቅቤው፣ ወተቱ፣ እርጎው፣ አይቡ አለበት። ጊ፣ ዱድ፣ ዳሂ፣ ፓኒር የሚሉትን አራት ቃላት ያዢ። "ያለ እነዚህ" ካልሽ ወዲያው ይገባቸዋል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄሽ ልመለስ። "ያስገቡኛል ወይ" ለሚለው አንድ መልስ የለም፤ እንደ ቦታው ነው። ደቡብ ህንድ ማዱራይ ከተማ፣ የሚናክሺ ቤተ መቅደስ ውስጥ አዳራሾቹን ታያለሽ፣ ውስጠኛው መቅደስ ግን አይፈቀድም። ተራራ ላይ ባለው የቲሩፓቲ ቤተ መቅደስ ደግሞ ሂንዱ ያልሆነ ሰው በቦታው አምላክ በቬንካቴሽዋራ አምናለሁ የሚል ቅጽ እንዲፈርም ይጠየቃል። ሰው "ዝም ብለሽ ፈርሚ፣ ወረቀት ነው" ይልሻል። እኔ አልፈረምኩም። እነሱ ከልባቸው የሚያምኑትን ነገር እኔ በውሸት ብፈርም ማንን ነው የማከብረው? ተራራውን አይቼ ተመለስኩ።

አሁን ስለ ቫራናሲ። እዛ አምስት ቀን ተቀመጪ። ሁለት ቀን ብትይ አልስማማም። የጥንት ስሟ ካሺ ነው፣ የአገሩ ሰው ባናራስ ይላታል። ጋንጋ (እኛ ጋንጀስ የምንለው) ወንዝ እዛ ስትደርስ ወደ ሰሜን ትታጠፋለች። የድሮው ከተማ በምዕራቡ ዳርቻ ነው፤ ማዶው ባዶ አሸዋ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ስትወጣ ፊት ለፊት ታገኝሻለች። ወደ ውሃው የሚወርዱት የድንጋይ ደረጃዎች ጋት ይባላሉ፤ ከ80 በላይ ናቸው።

ማታ ማታ ዳሻሽዋሜድ ጋት ላይ አርቲ የሚሉት ጸሎት አለ። ወጣት ካህናት ተሰልፈው ትልልቅ የናስ መብራት እያዞሩ ወንዟን ያመሰግናሉ። ደወሉና ጭሱ ልብ ይነካል። ግን አንዴ ካየሽው ይበቃል፤ ሰውም ስልክም ይበዛል። ይልቅ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተሽ ውረጂ። አንድ ሽማግሌ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ውሃውን በሁለት እጁ አፍሶ፣ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ፣ መልሶ ወደ ወንዙ ሲያፈስ ታያለሽ። ደግሞ ያፈሳል። ደግሞ። ማንም እያየው መሆኑ አይገደውም። አንድ ደረጃ ምረጪና በየቀኑ እዛው ተቀመጪ። በሦስተኛው ቀን ሻይ የሚሸጠው ልጅ ያውቅሻል፣ ጀልባ የሚሸጠው ይተውሽና ሰላም ብሎሽ ያልፋል። ቦታው የሚከፈትልሽ ያኔ ነው።

ሬሳ የሚቃጠልባቸው ሁለት ጋቶች አሉ፤ ማኒካርኒካና ሃሪሽቻንድራ። ማኒካርኒካ ላይ እሳቱ ቀንና ሌሊት አይጠፋም። ሂንዱዎች ካሺ ላይ የሞተ ሰው ዳግም ከመወለድ ይድናል ብለው ያምናሉ፤ ሞክሻ ይሉታል። ለመሞት ብለው የሚመጡ ሽማግሌዎች አሉ። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ባይከለከልም አታንሺ። የሰው ለቅሶ ነው።

እኔ አባቴን በቀበርኩ በዓመቱ ነው የሄድኩት። ሃሪሽቻንድራ ጋ ከላይ ካለው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ልጅ ራሱን ተላጭቶ፣ ነጭ ጨርቅ አገልድሞ የአባቱን እሳት ሲዞር አየሁ። ሰዓታት ካለፉ በኋላ በሸክላ ማሰሮ ውሃ ተሰጠው። ጀርባውን ለእሳቱ ሰጥቶ ቆመ፣ ማሰሮውን በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ወረወረው። ሸክላው ሲሰበር ድምፁ እኔ ጋ ደረሰ። ልጁ ዞር ብሎ አላየም። ደረጃውን ወጥቶ በአጠገቤ አለፈ። እንባ የሞተውን ሰው መንገድ ያውክበታል ይላሉ፤ ሴቶችም አብዛኛውን ጊዜ አይመጡም። እኛ ደግሞ ደረት የምንመታ፣ ሙሾ የምናወርድ፣ አርባና ሰማንያ የምናወጣ ሕዝብ ነን። የትኛው ይሻላል ልልሽ አይደለም። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ፣ የአባቴን የክርስትና ስም ጠራሁ። "ምን አድርጌ ልቁም" ላልሽው የኔ መልስ ይሄ ነው። የራስሽን ጸሎት ጸልዪ። የነሱን አታስመስዪ።

እዛው አካባቢ "ለድሀ ሰው ማገዶ መግዣ" እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎች ይመጡብሻል። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ሰጥቻለሁ፣ ማታለያ መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት። ሌላ ቦታ፣ ራጃስታን ክልል ያለው ፑሽካር ሐይቅ ላይ ደግሞ አበባ እጅሽ ላይ አስቀምጦ፣ የቤተሰብሽን ስም አስጠርቶ፣ መጨረሻ ላይ ብር የሚቆርጥልሽ አለ። አበባውን ከመጀመሪያውም አትቀበዪ።

የካሺ ቪሽዋናት ቤተ መቅደስም እዛው ቫራናሲ ነው። የአሁኑን እ.ኤ.አ. በ1780 ያሠሩት ንግሥት አሂሊያባይ ሆልካር ናቸው፤ የጉልላቱ ወርቅ የመጣው ከፑንጃቡ ንጉሥ ከማሃራጃ ራንጂት ሲንግ ነው። ስልክና ቦርሳ ይዞ መግባት አይቻልም። ፓስፖርት ይዘሽ ሂጂ፣ ለውጭ ዜጋ ይጠይቃሉ። ሲደክምሽ ሳርናት ሂጂ፤ ቡድሃ መጀመሪያ ያስተማረበት ቦታ ነው፣ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው።

ሃሪድዋርና ሪሺኬሽ ከዴልሂ አምስት ስድስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሃሪድዋር ላይ ሰው የጋንጋን ውሃ በፕላስቲክ ዕቃ ቀድቶ አገሩ ይወስዳል፤ ጸበል በሃይላንድ የያዘች እናት ትዝ ትልሻለች። ለመጠጥ ግን አንቺ እንዳትሞክሪው። ሪሺኬሽ ሥጋም መጠጥም አይሸጥም። አሽራም በሚሉት የመንፈሳዊ ሕይወት ማደሪያ ውስጥ ማደር ትችያለሽ፤ በሩ ማታ በጊዜ ይዘጋል፣ ጠዋት በደወል ያስነሱሻል። የውጭ ሰው የማይቀበሉ ርካሽ ማደሪያዎች አሉ፣ ቀድመሽ ደውለሽ ጠይቂ።

ሂማላያ ተራራ ላይ ያሉት የኬዳርናትና የባድሪናት ቤተ መቅደሶች ለዚህ ጉዞ ይቅሩብሽ። ኬዳርናት 3,583 ሜትር ላይ ነው፣ ከጋውሪኩንድ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግር ይወጣል። የሚከፈተውም ከሚያዝያ መጨረሻ ገደማ እስከ ጥቅምት ወይም ህዳር ብቻ ነው። ደቡብ ከወረድሽ ግን ቲሩቫናማላይን አትለፊ። አሩናቻላ የሚባል ተራራ አለ። ሰዎች 14 ኪሎ ሜትር በባዶ እግራቸው ይዞሩታል፣ ሙሉ ጨረቃ ሲሆን መንገዱ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ነው። ለመዞር በር የለውም፣ ማን ነሽ የሚል የለም። ሦስቴ የተመለስኩት ለዚህ ነው።

በአጭሩ እንዲህ አድርጊ፦ አራት ቀን ሪሺኬሽና ሃሪድዋር፣ አምስት ቀን ቫራናሲ፣ የቀረው ለመንገድ። በታህሳስና ጥር ጭጋግ ስለሚበዛ ባቡር ለሰዓታት ይዘገያል፣ የመመለሻ በረራሽን አታጣብቂ። ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ ደግሞ ወንዙ ጋቶቹን ይውጣቸዋል፣ ጀልባ ይከለከላል። ቀሚስሽ ረጅም ይሁን፣ ለማውለቅ የሚቀል ጫማ አድርጊ፣ ለሞቃት ድንጋይ ካልሲ ያዢ። ነጠላ በየቦታው ያገለግልሻል፤ ሴቶቹ ቀርበው እየዳሰሱ "ይሄ ከየት ነው?" ይሉሻል።

ሁለት ነጠላ ያዢ። እኔ አንድ ብቻ ነበር የያዝኩት። የጓደኛዬ እናት ሙዙን ከሰጡኝ በኋላ ጥለቱን በጣታቸው እየተከተሉ ብዙ ሰዓት አዩት። ያኔ አውልቄ አለመስጠቴ እስከዛሬ ይቆጨኛል።