የቤታችሁ ዋይፋይ ቁልፍ በእነማን እጅ ነው?

የኢንተርኔት ውሉ በስማችሁ እስከሆነ ድረስ፣ በመስመሩ ላለፈው ሁሉ መጀመሪያ የምትጠየቁት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ጎረቤት በእናንተ ዋይፋይ የተከለከለ ነገር ቢያወርድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው የሚመጣው ወደ እናንተ ቤት ነው፤ በሰው አገር ለሚኖር፣ የአገሩን ቋንቋና ሕግ በቅጡ ላልለመደ ሰው ደግሞ «እኔ አይደለሁም» ብሎ ማስረዳት ራስ ምታት ነው።

ሰው ዋይፋይ ተሰረቀ ሲባል የሚያስበው የኮምፒውተር ጠንቋይ ነው። በተግባር ግን ቀድሞ መጠርጠር ያለበት አምና ለእንግዳ የተሰጠው ፓስወርድ ነው። እንግዳው ለጓደኛው ይነግራል፣ ጓደኛው ፎቅ ላይ ተከራይቶ ይመጣል፣ ስልኩም ሳይጠይቅ ይገናኛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቁልፉን መቀየር ነው።

ከመንካታችሁ በፊት በዋይፋይ የሚሠራውን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ስልክ፣ ቴሌቪዥን፣ ፕሪንተር፣ ካሜራ። ፓስወርዱ ሲቀየር ሁሉም ይቋረጣሉ፤ ፕሪንተሩ የሚታወሳችሁ ግን ሰነድ በሚያስቸኩልበት ቀን ነው። ቀጥሎ ኮምፒውተሩን ከራውተሩ (ዋይፋዩን ከሚያሰራጨው ሳጥን) ጋር በኬብል አገናኙ። በዋይፋይ ሆናችሁ ዋይፋዩን ከቀየራችሁ የተቀመጣችሁበትን ቅርንጫፍ ቆረጣችሁ ማለት ነው። የራውተሩ አድራሻ ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1 ነው፤ ኮምፒውተሩ ብራውዘር ላይ ጻፉትና ግቡ። አንዳንድ የኢንተርኔት ድርጅቶች ግን ራውተራቸውን በስልክ አፕ ብቻ ነው የሚያስነኩት።

እዚያ ስትገቡ ሁለት ፓስወርዶች እንዳሉ አትርሱ። አንዱ የዋይፋዩ፣ ሌላው የራውተሩ ማስተዳደሪያ ነው። ሁለተኛው «አድሚን» ሆኖ ከቀረ ዋይፋዩ ላይ የገባ ሁሉ ቅንብሩን እንደፈለገ ይለውጣል። ሁለቱን ለየብቻ አድርጉ። ከውጭ ሆኖ ራውተሩን ማስተዳደር የሚያስችለውን ምርጫ አጥፉ፤ አፕዴት ካለም ጫኑ።

በሴኪዩሪቲ ምርጫው ላይ ዋይፋዩ የሚቆለፍባቸው ዘዴዎች ተዘርዝረዋል፤ ደብሊውፒኤ 3 (WPA3) ካለ እሱን ምረጡ። የቆየ ቴሌቪዥን ወይም ፕሪንተር አልገናኝ ካለ 2 እና 3 የተቀላቀሉበትን ውሰዱ፤ እሱም ከሌለ ደብሊውፒኤ 2 ኤኢኤስ (AES) ከሚባለው ምስጠራ ጋር። ዌፕ (WEP) የሚባለው የድሮ ዘዴ ድክመቱ ከ2001 ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ከዌፕ በላይ የማያውቅ ዕቃ ካላችሁ ዕቃውን ሸኙት።

ፓስወርዱ ላይ ትንሽ እንቆይ። በደብሊውፒኤ 2 ስልካችሁ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ የሚለዋወጡትን መልእክት በአካባቢው ያለ ሰው ቀድቶ ሊሄድ ይችላል። ከዚያ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይገምታል፤ ሦስት ጊዜ ተሳስተሃል ብሎ የሚዘጋበት የለም። ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር በሰከንድ በመቶ ሺዎች ይሞክራል። ባለ 10 አሃዝ ስልክ ቁጥር በሰዓታት ያልቃል፤ የልጅ ስምና የልደት ዓመትማ ከዚያም ያነሰ ነው። የሚያዋጣው ርዝመት ነው፦ እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ወይም አምስት የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል፣ ቢያንስ 20 ፊደል። ለምሳሌ መስኮት፣ ሰማንያ፣ ድንጋይ፣ ብርድልብስ ዓይነት (እነዚህን ግን ተዉአቸው፣ ሌላ አውጡ)። «ቀ»፣ «ጭ» እና «ጸ» ያለበትን ቃል አትምረጡ፤ ባል በአንድ ፊደል ሚስት በሌላ ትጽፈውና ቤቱ ይታመሳል። በግዕዝ ፊደል መጻፍም ብልጠት ይመስላል፣ ግን ቴሌቪዥኑ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ አታገኙም።

ደብሊውፒኤስን (WPS)፣ ማለትም ፓስወርድ ሳይጻፍ በአንድ ቁልፍ ወይም በፒን የሚያገናኘውን አቋራጭ፣ አጥፉ። ባለ 8 አሃዙ ፒን 100 ሚሊዮን ዕድል ያለው ይመስላል። ራውተሩ ግን የመጀመሪያዎቹን 4 አሃዞች ለብቻ ትክክል ወይም ስህተት ብሎ ይመልሳል፣ የመጨረሻው አሃዝ ደግሞ ከሌሎቹ የሚሰላ ነው። ስለዚህ ቢበዛ 10,000 እና 1,000 ሙከራ፣ በድምሩ 11,000 ይበቃል። ይህ በ2011 መጨረሻ ይፋ ወጥቷል፤ ፓስወርዳችሁ የቱንም ያህል ቢረዝም በዚህ በር የገባ ሰው አይቸግረውም።

ለእንግዳ የእንግዳ ኔትወርክ ክፈቱ፤ ብዙ ራውተሮች አላቸው። ፓስወርዱን በየጊዜው ብትቀይሩት የቤታችሁ ዕቃ አይነካም። በዋይፋይ የሚሠሩ ርካሽ ካሜራና አምፖልም እዚያው ይግቡ።

የዋይፋዩን ስም መደበቅና የማክ አድራሻ (እያንዳንዱ ዕቃ ኔትወርክ ላይ የሚለይበት ቁጥር) ማጣሪያ ላይ ጊዜ አታባክኑ። የተደበቀውን ስም ስልካችሁ ራሱ እየጠራ ይፈልገዋል፤ የተፈቀደ ማክ አድራሻም በአየር ላይ ስለሚታይ መቅዳት ቀላል ነው። ስሙን አትደብቁ እንጂ የቤት ቁጥራችሁን ወይም የአባታችሁን ስም ግን አታድርጉበት።

ራውተሩ ላይ የተገናኙትን ዝርዝር በየወሩ እዩ። የማታውቁት ሲገኝ ወዲያው አትደንግጡ፤ የአሁን ስልኮች የማክ አድራሻቸውን ስለሚለዋውጡ የራሳችሁ ስልክ እንግዳ መስሎ ሊታይ ይችላል። የሁሉንም ስልክ ዋይፋይ አጥፉና የቀረውን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩ። የተረፈ ካለ እሱን ብቻ ማገድ አይበቃም፣ አድራሻ ቀይሮ ይመለሳል፤ ፓስወርዱን ቀይሩ።

የማስተዳደሪያው ፓስወርድ ከጠፋባችሁ፣ ወይም ራውተሩን ከሌላ ሰው ከወረሳችሁ፣ ከኋላ ያለውን ቀዳዳ በወረቀት ማያያዣ ጫፍ 10 ሰከንድ ያህል ተጫኑ። ከዚያ በፊት ግን ድርጅቱ የሰጣችሁን የመስመር ዩዘርኔምና ፓስወርድ ያዙ፤ ያለዚያ ኢንተርኔቱም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ራውተሩ ወደ ፋብሪካ ይዞታው ስለሚመለስ ያጠፋችሁት ደብሊውፒኤስም ተከፍቶ ሊገኝ ይችላል።