1776፣ 1787፣ 1789፦ አሜሪካ መንግሥት ያቆመችው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ ለአሜሪካ የዜግነት ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ነጻነት የታወጀው በ1776፣ ሕገ መንግሥቱ የተጻፈው በ1787፣ ጆርጅ ዋሽንግተን ሥራ የጀመሩት ደግሞ በ1789 ነው ይላል። በመካከሉ አገሪቱ ያለ መንግሥት ነበረች ወይ? (አንባቢ፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ መንግሥትስ ነበራት፤ ግን ግብር መጣል የማይችል መንግሥት ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

13ቱ ቅኝ ግዛቶች ከመጀመሪያውም አንድ አገር አልነበሩም። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ምክር ቤት ነበራቸው፤ ግብርም የሚጥልባቸው እሱ ነበር። ብሪታንያ በ1763 ካበቃው ጦርነት ዕዳ ተሸክማ ስለወጣች፣ በ1765 የቴምብር ቀረጥ ከለንደን ጣለችባቸው። ወኪል የሌለን ፓርላማ ግብር አይጥልብንም አሉ፤ ጠቡም ከዚህ ከረረ። ጦርነቱ በኤፕሪል 1775 ተጀመረ፤ ነጻነት የታወጀው ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ብሪታንያ ነጻነታቸውን የተቀበለችው በ1783ቱ የፓሪስ ውል ነው።

የመጀመሪያው የጋራ መተዳደሪያ የኮንፌዴሬሽን ድንጋጌዎች ይባላል። ኮንግረሱ (የ13ቱ ተወካዮች የጋራ ጉባኤ) በ1777 አጸደቀው፤ ሥራ ላይ የዋለው ግን በማርች 1781 ነው። ያዘገየችው ደግሞ የእርስዎ ሜሪላንድ ናት፤ እነ ቨርጂኒያ በምዕራብ ያለውን ሰፊ መሬት ለጋራ ካልለቀቁ አልፈርምም ብላ ነበር።

ይህ መተዳደሪያ ፕሬዚዳንትም ሆነ የፌዴራል ፍርድ ቤት አልነበረውም። ለከባድ ጉዳይ የ9 ስቴቶች (ቅኝ ግዛቶቹ ከነጻነት በኋላ የተጠሩበት ስም ነው) ድምፅ ይጠይቃል፤ እሱን ራሱን ለማሻሻል ግን 13ቱም መስማማት አለባቸው። የገደለውም ይህ ነው። ኮንግረሱ ዕዳውን ለመክፈል ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ 5 በመቶ ቀረጥ ሲጠይቅ፣ በ1782 ትንሿ ሮድ አይላንድ እምቢ አለችና ሐሳቡ ወደቀ። በ1786 በማሳቹሴትስ ዕዳ ያስጨነቃቸው ገበሬዎች ሲያምፁ፣ አመፁን ያበረደው ጦር የተደራጀው የቦስተን ነጋዴዎች ባዋጡት ገንዘብ ነበር።

በሜይ 1787 በፊላደልፊያ የተጀመረው ጉባኤ የተጠራው ያንኑ መተዳደሪያ ለማሻሻል ነበር። 55 ተወካዮች በዝግ መከሩ፤ ሴፕቴምበር 17 ቀን 39ኙ የፈረሙት ግን አዲስ ሕገ መንግሥት ነው። በታችኛው ምክር ቤት እንደ ሕዝብ ብዛት፣ በሴኔት ለእያንዳንዱ ስቴት ሁለት ወንበር የሚለው ስምምነት ትልልቆቹንና ትንንሾቹን አስታረቀ። በዚያው ሰነድ አምስት ባሪያዎች እንደ ሦስት ሰው እንዲቆጠሩ ተደረገ፤ ያተረፉትም ጌቶቻቸው ናቸው፤ ውክልናቸው በዛላቸው። ፈተናው ባይጠይቅዎትም ይህን ይያዙት።

የጉባኤው ብልሃት በአንቀጽ 7 ላይ ይታያል። ጉባኤተኞቹ የ13ቱን ስምምነት ቢጠብቁ፣ ተወካይ እንኳ ያልላከችው ሮድ አይላንድ ብቻዋን ልታፈርሰው ትችል ነበር። ስለዚህ 9 ስቴቶች ካጸደቁት በእነሱ ዘንድ ይጸናል አሉ፤ የሚያጸድቁትም ነባሮቹ ምክር ቤቶች ሳይሆኑ ለዚሁ የተመረጡ ጉባኤዎች ሆኑ። ዘጠነኛዋ ኒው ሃምፕሻየር በጁን 1788 አጸደቀች። ቨርጂኒያ 89 ለ79፣ ኒው ዮርክ 30 ለ27 ተከተሉ። ሮድ አይላንድ የገባችው ዋሽንግተን ቃለ መሐላ ከፈጸሙ ከዓመት በኋላ፣ በ1790፣ 34 ለ32 በሆነ ድምፅ ነው።

ጠባብ ድምፅ የታየው ብዙዎች የመብት ዋስትና የለውም ብለው ስለፈሩ ነው። ኮንግረሱ በ1789 12 ማሻሻያዎች ላከ፤ 10ሩ በ1791 ጸደቁ። ከቀሩት ሁለቱ አንዱ፣ የምክር ቤት አባላትን ደመወዝ የሚመለከተው፣ የጸደቀው በ1992 ነው። ፈተናው ማሻሻያዎቹ ስንት ናቸው ሲልዎት «27» የሚሉት እሱን ጨምረው ነው።